የባጃጄ ጎማ በረባሶ ሆኖ ጠበቀኝ

ዛሬ እንጅባራ ላይ፣ መለኪያ እንዲሆነኝ ከዳንግላ ታቅፌ ያመጣሁትን የባጃጅ ጎማ አንድ አዛውንት በካራ ሲቆርጡት ደረስኩ!

የጭነት ባጃጄ አርጅታለች፤ አሁን የሚመጣው ጎማ አይገጥማትም። የደወልኩለት ባለሱቅ ሁሉ «አሮጌውን ይዘህ ና» ይለኛል። የሰው ድንች እንደጫነች ድንጋይ ላይ አቁሜያት በሚኒባስ መጣሁ።

ጎማ ተሸክሜ ከሱቅ ሱቅ ስዞር ወገቤ ተቆረጠ። በረባሶ የሚሰፉ አንድ አዛውንት ዘንድ ደረስኩና «አባባ፣ እዚህ ላስቀምጠው» ብዬ ቀጣዩ ሱቅ ገባሁ።

ባለሱቁ «ቁጥሩ ስንት ነው?» አለኝ። ላሳየው ብወጣ ጎማው ግማሽ ሆኗል።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?!»

«እኔ ዘንድ ጎማ የሚያስቀምጥ ሰው ጫማ ሊያሰፋ እንጂ ምን ሊያደርግ ነው ልጄ? እግርህንም በዓይኔ ለክቼዋለሁ።»

እስቲ ምን ይባላሉ?

(ፎቶ አታነሳውም ነበር ወይ የምትሉኝ፣ እኔም አሁን ነው ትዝ ያለኝ።)

ቁጥሩ ያለበት ጎን የቀኝ በረባሶዬ ማሰሪያ ሆኗል። ሰፍተው ሲጨርሱ ተጫምቼው ወደ ሱቁ ተመለስኩና እግሬን ባንኮኒው ላይ አወጣሁ። ባለሱቁ ጎንበስ ብሎ አነበበው።

«ይሄ ቁጥር መምጣት ካቆመ ቆየ» አለኝ።

መለዋወጫ ፍለጋ ወጥታችሁ ሌላ ነገር ይዛችሁ የገባችሁ ካላችሁ፣ ጻፉልኝና ልጽናና። የድንቹ ባለቤት እየደወለች ነው፤ ምን እንደምላት አላውቅም።

በረባሶው ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ልክክ ብሏል።