የእናቴ የፊት በር

ወልቂጤ ባለው የእንጨት ሥራ ቤቴ፣ ኤምዲኤፍ የሚሉትን የፋብሪካ እንጨት ስቆርጥ የሚነሣው ብናኝ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ እስከ ዛሬ ታላቅ ወንድሜ ትዝ ይለኛል። የዋንዛ ሰጋቱራ ሌላ ነው፤ ያስነጥሳል፣ ግን ዛፍ ዛፍ ይሸታል። ይሄኛው ኮላ ኮላ ነው የሚለው። ደንበኛ መጥቶ «ከየትኛው ላሠራ?» ሲለኝ የሁለቱንም ጥቅም እነግረዋለሁ፤ እንጀራዬ ነውና። ልቤ ግን ያዳላል። ምክንያቱን ልንገርህ።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቸሃ፣ የተወለድኩበት ቀዬ፣ እንሰቱ ፊት ለፊት፣ ለእናቴ አዲስ የቆርቆሮ ቤት ተሠርቶላት በር ብቻ ቀርቶት ነበር። በሩን እኔ ልሠራላት ተነሣሁ። አባቴ ከመሞቱ በፊት ያስቆረጠው ዋንዛ ተሰንጥቆ፣ ከጣራ ሥር ተደርድሮ፣ በደንብ ደርቆ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ስልግ፣ ሳለሰልስ ከረምኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ እኔ ከሥር መላጊያዬን ስገፋ፣ የሚጠቀለለው ልጣጭ እግሬን ሲሸፍነው፣ እናቴ ከኔ የተሻለ ልጅ ያላት አይመስለኝም ነበር።

ለመስቀል ወንድሜ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ በካርቶን የተጠቀለለ በር አሳስሮ። ካርቶኑ ሲገለጥ ጎረቤቱ ሁሉ «ውይ!» አለ። ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ወርቃማ እጀታ ያለው ነው። የእንጨት መስመር ሳይቀር ታትሞበታል። ጠጋ ብዬ አንኳኳሁት።

«ይሄ እንጨት አይደለም፣ የእንጨት ፎቶ ነው» አልኩ። «ደግሞ የውስጥ ክፍል በር ነው፤ ኤምዲኤፍ ዝናብ አይችልም።»

ወንድሜ ሳቀ። «ቀንተህ ነው» አለኝ። ቀንቼም ነበር፤ ግን ያልኩትም እውነት ነበር።

እናቴ ሁለቱን በሮች ግድግዳ ላይ አስደግፋ አየቻቸው። የኔን በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አደረገችው። የሱን ግን ለመንካት እንኳ ሳሳች። «የወንድምህ ከፊት ይሁን። ያንተን ለጓሮ እናደርገዋለን» አለች። ፊቴን ስታይ ጊዜ «እሱ መጥቶ ሂያጅ ነው፤ አንተማ እዚሁ ነህ» አለችኝ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚሉት ይሄ ነው። ያን ቀን ክትፎው አልወርድ አለኝ። ሁለቱንም በሮች የገጠምኩት ደግሞ እኔው ነኝ፤ ሌላ አናጺ ማን ነበርና።

በሚቀጥለው ክረምት የተመኘሁት ደረሰልኝ። የፊቱ በር ከሥሩ ውሃ ጠጥቶ፣ እንደተነከረ ዳቦ አብጦ፣ አልዘጋ አለ። ደስ አለኝ! «አላልኩም?» ብዬ የጓሮውን ልነቅል ስነሣ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ወንድምህ እንዳያውቅ» አለች ቀስ ብላ። «ለፍቶ ያመጣው ነው፣ ልቡ ይሰበራል። ለመስቀል ሲመጣ እንደነበረ ያግኘው። የኔ ልጅ፣ አንተ አብጅልኝ።»

ምን ላድርግ፣ አበጀሁት። ያበጠውን ቆርጬ ጥዬ በዋንዛ ተካሁት። ከዚያ፣ ልብ በል፣ ያን የመሰለ ዋንዛ የታተመውን መስመር እንዲመስል በቀጭን ብሩሽ ቀባሁት። እውነተኛው እንጨት የውሸቱን እንዲመስል ስለፋ ከንፈሬን ነክሼ እሳደባለሁ፤ በሩን ይሁን ወንድሜን እንጃ። እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ «እዚህ ጋ ፈዘዝ ብሏል» ትለኛለች።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ እንዲሁ ሆነ። ሐምሌና ነሐሴ አንድ ወገኑን ይበሉታል፣ እኔ ከመስቀል በፊት እተካለሁ። ወንድሜ ይመጣና እጀታውን ይዞ ከፈት ዘጋ ያደርገዋል፣ ለእንግዶቹም ያሳያል። ያን ሰዓት እናቴ ወደኔ አትመለከትም። በመጨረሻ ከእጀታውና ከመልኩ በቀር በዚያ በር ላይ የሱ የሆነ ነገር አልቀረም።

እናቴ ያረፈችው ባለፈው ዓመት ነው። የለቅሶው ድንኳን በተነሣ ማግስት ወንድሜ የፊቱ በር ላይ መዳፉን አሳርፎ ቆሞ አገኘሁት።

«ይኸው፣ ዝናብ አይችልም ትል ነበር» አለኝ። ሊያሸንፈኝ ፈልጎ አልነበረም፤ ድምፁ ተሰብሯል። «በደወልኩላት ቁጥር ምን እንደምትለኝ ታውቃለህ? ‹ደጄን እንዳስከበርክልኝ፣ ደጅህ አይዘጋ።› አንድ ቀን ሳትመርቀኝ ስልኩን ዘግታ አታውቅም።»

ልነግረው ቃጣኝ። በጣቱ አንዴ ቢያንኳኳው በሩ ራሱ በነገረው ነበር።

«ጥሩ በር ገዝተህላት ነበር» አልኩት።

አቅፎኝ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ለእናታችን ብቻ መስሎታል። እኔን ግን አንድም ቀን እንደዚያ ብላ መርቃኝ አታውቅም።