በቀይ ክር የታሰረችው ፍላሽ

ያ ክረምት የታጠበ ልብስ የማይደርቅበት ነበር። የፎቶ ቤቱ ግድግዳ ያልበዋል፣ ሰው ሁሉ ብርዱን ሽሽት ተጠጋግቶ ይውላል። ታላቂቱ ግን ከታናሽ እህቷ መራቅ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

ስምንት ዓመት ሙሉ የሠርግ ቪዲዮ ስትቆርጥ የኖረች እሷ፤ ታናሿንም ለምና ያስቀጠረች እሷው። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሼ ለታናሿ አዲስ ማክ ኮምፒውተር ገዝተው መስኮቱ ሥር አስቀመጧት። ታላቂቱ ያው ከአሮጌ ዊንዶውስ ኮምፒውተሯ ጋር ጓዳ ቀረች። ደንበኛ መጥቶ «ቀለሙን እንዲህ ያሳመረችው የትኛዋ ናት?» ባለ ቁጥር አንጀቷ እርር ይላል።

በሁለቱ መካከል የምትመላለሰው በቀይ ክር የታሰረች አንዲት ፍላሽ ዲስክ ነበረች። ታላቂቱ ቆርጣ ትሰጣለች፣ ታናሿ ቀለሙን አስተካክላ ትመልሳለች። ፍላሿ ቫይረስ ሲገባት ፎርማት ማድረግ፣ ማለትም ያለባትን አጥፍቶ እንደ አዲስ ማዘጋጀት፣ የታላቂቱ ሥራ ነው። ከፎርማት ዓይነቶቹ ፋት ሠላሳ ሁለት የሚባለው የትም ይነበባል፣ ከአራት ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል ግን አይቀበልም። ኤክስፋት ለሁለቱም ኮምፒውተር ይስማማል። ኤንቲኤፍኤስን ማክ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። ይህን ሁሉ አሳምራ ታውቃለች። ሁልጊዜ ኤክስፋት ነበር የምታደርገው፤ የዚያን ዕለት ግን ኤንቲኤፍኤስን መረጠች። «እስቲ አንድ ቀን እሷም ትፈር» አለች በሆዷ።

ከሰዓት በኋላ ሙሽሮቹ ቪዲዮውን ሊወስዱ መጡ። ታናሿ ብትል ብትል ፋይሉ ፍላሿ ላይ አልገባ አለ።

«እታለም፣ ምን አድርገሽ ነው ፎርማት ያደረግሽው?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ! በማክሽ ስትኮሪ ከርመሽ ዛሬ እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

የጋሼ ፊት ጠቆረ። «ይህን የሚያህል ዕቃ ገዝቼልሽ በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?»

ታናሿ አንድ ነገር ስክሪኑ ላይ ከፍታ አየች፤ ከዚያ እህቷን አየቻት። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ» አለች።

ጋሼ በዚያው ከሥራ አሰናበቷት።

በማግሥቱ ታላቂቱ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፤ ስንት ዘመን የተመኘችው ወንበር። ፍላሿን ማኩ ላይ ሰክታ ስለ ፍላሿ የሚገልጸውን ገጽ ከፈተች። «ኤንቲኤፍኤስ፤ ማንበብ ብቻ ይቻላል» ይላል። ያቺ ልጅ ትናንት የከፈተችው ይህንኑ ነበር። አውቃ ነው የሸፈነችላት።

ወንበሩ ቆረቆራት። ተነሥታ ሁሉንም ለጋሼ ነገረቻቸው። አልጮሁም፤ እጃቸውን ዘርግተው እሷ ጋ የነበረውን የጓዳውን ቁልፍ ተቀበሏት።

ታናሿ ወደ መስኮቷ ተመለሰች። ታላቂቱ ግን ከፎቶ ቤቱ ከወጣች ወዲህ እስከ አምና ድረስ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራ ነበር።