ዲማ ላይ አውቶቡሱ ጥሎን የሄደ ዕለት

መኪና ጥሎኝ ይሄዳል ብዬ የምሰጋ ሰው ነኝ። ዛሬም መናኸሪያ የምደርሰው ዘበኛው በሩን ሳይከፍት ነው። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ስጋቱ ሥር የሰደደበትን ቀን እነሱ አላዩትም፤ እኔ ግን የአውቶቡሱ ጡሩምባ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ የሆነ ነው። ደብረ ማርቆስ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። የሰፈራችን ማኅበር ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ወደ ዲማ ገዳም የሚሄድ አውቶቡስ ተከራየና እናቴ ለእኔና ለእሷ ቦታ ያዘች። ሌላው ሰው የሚሄደው ለመሳለም ነው። እናቴ የምትሄደው መቃብር ፍለጋ ነበር።

ታናሽ ወንድሟ መዝሙረ ዳዊትን መድገም ሲጨርስ ለትምህርት ወደ ዲማ ሄዶ በዚያው ቀረ። አንድ ጊዜ በተስቦ ተኝቷል የሚል ወሬ መጣ። በዓመቱ አንድ የቆሎ ተማሪ በደጃቸው ሲያልፍ፣ "የእናንተ ልጅ ፍትሐቱ ተነቦለታል" ብሎ ጠላውን ጠጥቶ መንገዱን ቀጠለ። ፍትሐት ለሙት የሚነበብ ጸሎት ነው። ከዚያ በላይ ምን ይጠየቃል? አያቴ ፊቷን ነጨች፣ ለቅሶ ተቀመጡ፣ እናቴ በሬ ጥላ ተዝካሩን አወጣች። እኔ ያኔ ገና አልተወለድኩም። አያቴም ብዙ ሳትቆይ ተከተለችው። "መቃብሩን ሳላይ ዓይኔን አልከድንም" የሚለው የእናቴ ቃል ግን አብሮኝ ያደገ ነው።

የጉዞው ዕለት ማለዳ አባቴ ጠጋ ብሎ፣ "እናትሽን አደራ። መንገድ ላይ ቆማ መቅረት ልማዷ ነው፤ ታውቂያት የለ" አለኝ። አውቶቡሱ ሳይነሣ የእናቴን ነጠላ ጫፍ ያዝኩ።

መሪያችን የማኅበሩ ሹም ነበር፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ረጅም ሰውዬ። ከሹፌሩ ጎን ቆሞ ሥርዓቱን ነገረን። "አንድ ላይ እንወርዳለን፣ አንድ ላይ እንሳለማለን፣ አንድ ላይ እንበላለን። የገዳሙ ቅርስ ያለበትን ዕቃ ቤት የሚያሳዩን እኔ ያነጋገርኳቸው አባት አሉ። ለብቻዬ እዞራለሁ ብሎ የቀረ ሰው ቢኖር እኔ የለሁበትም!"

"እኔ በፊሽካ የምነዳ በግ ነኝ?" አለች እናቴ። በሹክሹክታ ያለች መስሏት ነው እንጂ አውቶቡሱ ሙሉ ሰምቷታል።

ደጀን ላይ ለቁርስ ወረድን። ሹሙ ሁሉንም ሰብስቦ አንድ ሻይ ቤት አስገባ። ዞር ስል እናቴ የለችም። ከሸዋ በመጡ የጭነት መኪናዎች መካከል፣ በዶሮና በእንቁላል ሻጮቹ መካከል፣ እየሮጥኩ ፈለግኋት። ጡሩምባው ጮኸ፤ ደግሞ ጮኸ። ሳገኛት ከከተማው ጫፍ ወጥታ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ የዓባይን ገደል ቁልቁል ታያለች።

"እማዬ! ጥሎን ሊሄድ ነው እኮ!"

"ይህን የሚያህል ነገር እዚህ ተቀምጦ እነሱ ሻይ ቤት ይገባሉ" አለችና ቀስ ብላ ዞረች። ፍጥነት የሚባል ነገር ሲያልፍም አይነካትም። ስንገባ ያ ሁሉ ሰው አፍጥጦ አየን። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ እሷ እንደ ሙሽራ እናት በኩራት አልፋ ተቀመጠች። ሹሙም፣ "ሁለተኛ አልጠብቅም። በጊዮርጊስ ምዬ ነው" አለ።

ዲማ የደረስነው ታቦቱ ወጥቶ ሕዝቡ እልልታውን ሲያቀልጠው ነው። አውቶቡሱ ከታች ሜዳ ላይ ቀረና ወደ ገዳሙ በእግር ወጣን። ሹሙ ወደ ሰማይ ጠቆመ። ደመናው ከወዲያ ማዶ እየጠቆረ ነበር። መንገዱ ጥቁር አፈር ስለሆነ ዝናብ ከቀደመን አውቶቡሱ እዚያው ይተከላል፤ ስለዚህ ጡሩምባ ሲነፋ የተገኘ ይሄዳል፣ ያልተገኘ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ሰማዩን እንጂ ታቦቱን አላየሁም። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ታቦቱ ሲገባ ሰዉ ሹሙን ተከትሎ ወደ ዕቃ ቤቱ ተጓዘ። እናቴ እጄን ይዛ በሌላ በኩል ጎተተችኝ። መቃብር ሥፍራው ስንደርስ አንድ ዲያቆን ጠየቀች፤ አያውቅም። አንድ ሽማግሌ ጠየቀች፤ እዚህ የተቀበረው ተማሪ ስንቱ ነው አሏት። ድንጋይ ከድንጋይ እየዞረች ዳበሰች። እኔ አንድ ዓይኔ ደመናው ላይ፣ አንድ ጆሮዬ ጡሩምባው ላይ ነው። ባናገኘውስ? ይህን ያህል ዘመን ተመኝታው ባዶ እጇን ብትመለስስ? አግኝታው መኪናው ጥሎን ቢሄድስ? የቱ እንደሚብስ መለየት አቃተኝ።

አንዲት አሮጊት መነኩሲት ከአንድ ዛፍ ሥር ቅጠል ይጠርጋሉ። እናቴ እጅ ነሥታ ቀረበች።

"እማሆይ፣ ከአማኑኤል በኩል የመጣ ተማሪ ነበር። ግንባሩ ላይ ወይፈን የወጋው ጠባሳ አለበት። መቃብሩን ያሳዩኝ።"

"ማን ሞተ አለሽ ልጄ?"

"ፍትሐቱ ተነቦለታል አሉና! ተስቦ በያዘው በዓመቱ።"

መነኩሲቷ መጥረጊያቸውን ዛፉ ላይ አስደገፉ። እናቴን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

"የእኔ እናት፣ ሰው ሲመነኩስም እኮ ፍትሐት ይነበብለታል። ለዓለም ሞተ ሲባል ነው። የእኔም ተነቧል፤ ይኸው ቆሜ እጠርግ የለም?"

ይህን ወግ እናቴ የማታውቀው ሆኖ አይደለም። ካህን በሞላበት አገር ተወልዳ እንዴት አታውቅም? ግን የተስቦው ወሬ ቀድሞ ገብቶ ስለነበር ፍትሐት ሲባል ሌላ ነገር ለማንም አልታሰበውም። ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች።

"አለ?" አለች።

"አለ። አንድ የታመሙ ባሕታዊ አሉና ምግብ ሊያደርስላቸው ወደ ቆላው ወርዷል። ጥላ ሲዞር ይመለሳል።"

ይኼኔ ጡሩምባው ጮኸ።

ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት አውቶቡሱን ነው። እናቴን ብጎትታት ድንጋይ ሆነች፤ ገዳሙ በር ላይ ሄዳ ቁጭ አለች። እሷን ትቼ ወደ ሜዳው ወረድኩ። ሰዉ ተሳፍሮ አልቋል።

"እባክዎ ትንሽ ይጠብቁን" አልኩት ሹሙን፣ እያለከለክሁ። "አጎቴ በሕይወት አለ። እየመጣ ነው።"

"የሞተው?"

"አዎ።"

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ደመናውን አየ፣ አውቶቡሱን አየ። "እሰይ ልጄ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ግን ይህን ሁሉ ሰው ጭቃ ላይ አላሳድርም። ነይ አንቺ ግቢ፤ ለአባትሽ አንቺን እንኳ ላድርስለት።"

አንድ እግሬን የበሩ መወጣጫ ላይ አሳረፍኩ። ውስጡ ይሞቃል፣ ይዘፍናሉ፣ ነገ ትምህርት አለ። አባቴ አደራ ያለኝ ግን የራሴን ነገር አልነበረም። እግሬን አወረድኩ። አውቶቡሱ ሜዳውን ዞሮ እስኪሰወር ድረስ ቆሜ አየሁት፤ ከዚያ አለቀስኩ። የት እናድራለን? በምን እንመለሳለን? አባቴ ምን ይላል? ካፊያው ጀመረ።

ስመለስ እናቴ አቀማመጧን እንኳ አልለወጠችም። "ሄደ?" አለች። "ሄደ" አልኳት። "ይሂድ" አለች።

ጥላ የሚዞርበት ሰዓት አለፈ። ዝናቡ ዶፉን ለቀቀው። የሚመጣው መነኩሴ ሁሉ እሱ ሳይሆን እየቀረ ያልፋል። እማሆይ ተሳስተው ቢሆንስ? ጠባሳ ያለው ሌላ ሰው ቢሆንስ? ይህን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም፤ እናቴም አስባው ኖሮ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

በመጨረሻ ባዶ ቁና የያዘ፣ ቢጫ ቆብ የደፋ ቀጭን ሰው ዳገቱን ወጣ። ጠባሳው ከሩቅ ይታያል። ሲጠጋን መስቀሉን አውጥቶ ሊያሳልመን እጁን ዘረጋ፤ እንደ ማንኛውም ተሳላሚ ነው ያየን። እናቴ መስቀሉን አልተሳለመችም። ክንዱን ነው የያዘችው።

"አንተ! በሬ ጥዬ ተዝካርህን አውጥቻለሁ እኮ!"

ገጿን ቆይቶ ለየው። ግን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ እንደ መነኩሴ መለሰ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደግ አደረጉ። የሞተ ሰው ተዝካር ነው።"

"'አደረጉ' አትበለኝ! በጀርባዬ ያዘልኩህ ነኝ። አንድ ቃል ብትልክ ምን ነበረበት? እናታችን የአንተን ሞት ይዛ ነው መቃብር የወረደች!"

ይህን ሲሰማ ቁናው ከእጁ ወደቀ። ለካ የሚያውቀው ነገር የለም። ለዓለም ሙት ነኝ ብሎ ሲቀመጥ፣ እኛም ሙት ብለን እንደቀበርነው አልነገረውም ማንም። የእናቱ ለቅሶ ሳይደርሰው ነው ዘመኑ ያለፈው። ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

"እታለም" አለ። "እናታችን ሞተች?"

እናቴ አጠገቡ ተቀመጠችና ነጠላዋን በሁለቱ ላይ ዘረጋች። ከዚያ እየነገረችው አብረው አለቀሱ፣ እንደ አዲስ ለቅሶ። እኔ ቁናውን አንሥቼ ዝናብ እንዳይገባበት ደፋሁት፤ ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም።

ያን ዕለት እማሆይ ከእንግዳ ቤት አሳደሩን። በማግሥቱ እስከ መኪና መንገድ በእግር ሄደን የእህል መኪና ላይ ተጫንን። አጎቴ እስከ ገዳሙ በር ሸኘን፤ ከዚያ አላለፈም።

ቤት ስንደርስ አባቴ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ የእናቴን ፊት ሲያይ ተወው። አመሻሹ ላይ የሰፈር ሴቶች መጡ፤ ያኔ ተዝካሩን የበሉት ሁሉ ነበሩበት። የሄድነው መቃብር ፍለጋ መሆኑን እንጂ ሌላውን አልሰሙም ነበርና አንደኛዋ ከንፈሯን እየመጠጠች፣ "አገኘሽው ወይ፣ እህቴ?" አለቻት።

እናቴ ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

"አገኘሁት" አለች። "ትንሽ ከስቷል እንጂ ደህና ነው።"