ከፍ ያደረግነው ወለል

እዚህ ኡጋንዳ፣ ከኪዋቱሌ ሰፈር ወረድ ብሎ፣ ረግረጉ ዳር፣ የአገሬው ሰው ሙዚጎ በሚላቸው ባለ አንድ ክፍል ቤቶች ነው የምንኖረው። ክፍሎቹ እንደ ባቡር ፉርጎ ተያይዘው ተደርድረዋል፤ ከፊታቸው ቦይ አለ። ቦይ ስል ውሃ የሚሄድበት እንዳይመስላችሁ። የሰፈሩ ቆሻሻ የሚያድርበት ነው። ዝናብ ሲመጣ ያደረው ሁሉ ተነስቶ በየቤታችን ይገባል፣ የሽንት ቤቱም ጭምር። ለአከራያችን ስንነግረው ወደ ሰማይ እያየ "እግዜር ላዘነበው እኔ ምን ላድርግ?" ይላል። ኪራይ ሲሰበስብ ግን እግዜር ትዝ አይለውም።

ጎረቤቴ የወሎ ልጅ ናት። ባሏ ጁባ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ስለሆነ አንዴ ከሄደ ቶሎ አይመለስም። እሷ ሳምቡሳ እየጠበሰች ትሸጣለች። ስታረግዝ ያስጨነቃት ምጡ አልነበረም።

"እቴ፣ ምጡስ ያልፋል። ሕፃን እዚህ ውሃ ላይ እንዴት አድርጌ አስተኛለሁ?" ትለኝ ነበር።

እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። የቀበሌ ቤት ባለቤቱ መንግሥት ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስ የሚደፍነው፣ ግድግዳው ሲላላጥ የሚመርገው ግን ነዋሪው ነው። አባቴ ወለሉን ሊሾ ሲያስደርግ፣ አሳመርከው ብሎ ከቤቱ ያስወጣው የለም። እዚህም ያው መስሎን ደቦ ጠራን። የሰፈሩ አበሻ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ እሑድ ከሰዓት ተሰበሰበ። ወንዶቹ ድንጋይና አሸዋ ተሸከሙ፤ ሴቶቹ ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ አገንፍተን አበላን። የወሎዬዋን ቤት ወለል ከፍ አደረግነው፣ ደፉን በሲሚንቶ ገደብነው፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባነው። አንዲት ኡጋንዳዊት ጎረቤታችን ቆማ ስታየን ቆየችና "ኛቦ" ብላ፣ እመቤቴ እንደማለት ነው፣ "አታሳምሩት። አከራዩ ያየዋል" አለችኝ። ቢያየውስ ብለን ሥራችንን ቀጠልን።

በቀጣዩ ዝናብ ሁላችንም ውሃ ከቤት ስንጠርግ ወሎዬዋ ቤት ጠብታ አልገባም። ወልዳ ስትመጣም ሴት ልጇን ታቅፋ እዚያው ደረቅ ወለል ላይ ገባች። ደስታችን ልክ አልነበረውም።

አከራያችን መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ ገባ፤ አራሷን ዞር ብሎም አላያት። ወለሉን በተረከዙ መታ መታ አደረገና ወጣ። ሰነበተና የተሻለ የሚከፍል ተከራይ አግኝቻለሁ፣ ልቀቂ አላት። ኪራይ አጓድላ አታውቅም። "አራስ ናት እኮ! አርባዋ እንኳ አልወጣም!" ብዬ ጮህኩበት። በማግስቱ አናጢ ይዞ መጥቶ በሩን አስነቀለው። የእሱ ፍርድ ቤት ይኸው ነው፤ አልወጣም ያለውን ሰው በሩን መንቀል። ነጠላና ጋቢ ሰቅለን ደጃፏ ላይ ተቀመጥን፤ ነጠላ ግን ሌባም ብርድም አይመልስም።

አመሻሹ ላይ ዓይኑን በጨው አጥቦ ተመለሰ።

"ኛቦ፣ መቼ አባረርኳችሁ? ቦዩ ጥግ ያለው ክፍል ባዶ ነው፣ እሱን ትውሰድ። እናንተ አበሾች ቤት ትችሉበታላችሁ።"

ማመስገኑ ነው! ደሜ ፈላ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይል ነበር አባቴ፤ ይሄ ሰውዬ ግን ጠጠሩንም ከእኛው ነው የወሰደው።

"እንዳትገቢ!" አልኳት።

ልጇን እያጠባች ቀና ብላ አየችኝ። "ታዲያ የት ልግባ፣ እቴ?"

ሌላ ሰፈር የወራት ኪራይ በቅድሚያ ይጠይቃሉ፤ ባሏ መንገድ ላይ ነው፤ አራስ ደግሞ ከሰው ተነጥላ አትቀመጥም። ዕቃዋን ተሸክመን ከሰፈሩ ሁሉ ዝቅ ወዳለው ክፍል አስገባናት።

አሁን አልጋዋ የቆመው ጡብ ላይ ነው። ሕፃኗ ታስላለች። ትናንት ዘንቦ ሁለታችንም ቀሚሳችንን ሰብስበን ውሃውን በባልዲ ስናወጣ፣ አከራያችን ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። አንገቱን አስግጎ ወለሉን አየ፤ ሕፃኗ ስትስልም ሰማ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ ምንም ሳይከብደው፣

"ኛቦ፣ ሲሚንቶውን መቼ ነው የምትጀምሩት?" አለኝ።