ትመለሳለህ ወይስ ላንሳው?

አያቴ እንግዳ ሲሸኙ «ትመለሳለህ ወይስ ላንሳው?» ይሉ ነበር። የማንኩሳው ቤታቸው ጠባብ ነውና መደቡ ላይ ለእንግዳው የተነጠፈው አጎዛ ቦታ ይይዛል።

እኔ ቡሬ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን «ፕሮግራማችሁ ፋይሉን እንደገና የሚፈልገው ከሆነ ለሲስተሙ ይንገረው፤ ከጨረሰም ጨርሻለሁ ይበል። አለዚያ ሜሞሪው በከንቱ ይያዛል» እላቸዋለሁ። ምሳሌዬም የአያቴ መደብ ነው።

ለእሳቸው ግን ሁልጊዜ «ለበዓል እመለሳለሁ» እያልኩ እቀር ነበር። ለቀብራቸው ስደርስ አጎዛዬ እንደተነጠፈ አገኘሁት።

«እንግዳ ሲመጣ አልጋቸውን ለቀው መሬት ይተኙ ነበር» አለችኝ አክስቴ። «ያንተን መደብ ግን፣ እመጣለሁ ብሎኛል እያሉ አላስነኩንም።»

አጎዛውን ራሴ አንስቼ ጠቀለልኩት። መደቡ ተለቀቀ፤ የሚተኙበት አያቴ ግን የሉም።