የነገሥታቱ አባቶች ስም

የልጅ ልጄ ሳራ ባለፈው ቅዳሜ ኮሎምበስ አጠገብ ሬይኖልድስበርግ እኛ ቤት መጥታ የምግብ ጠረጴዛውን በካርቶን ሞላችው። በግንብ የታጠረችውን የእንግሊዞች ከተማ፣ ዮርክን፣ ለትምህርት ቤት ልትሠራ ነው። ሙጫው ምስር ወጡ አጠገብ ተከፍቶ ተቀምጧል። ድንገት መቀሷን አስቀመጠችና፦

«አባባ፣ የሁላችንም ላስት ኔም ለምን ሴም አይደለም? ክላሴ ውስጥ አንድ ልጅ ‹ዩ ጋይስ አር ኖት አ ሪል ፋሚሊ› አለኝ» አለችኝ።

የቤተሰብ ስማችን ስለማይመሳሰል እውነተኛ ቤተሰብ አይደላችሁም ማለቱ ነው። ደሜ ፈላ። እኔም በእንግሊዝ ነገሥታትና በዚችው ከተማ ምክንያት አንድ ጊዜ ክፍል ፊት ቆሜ ተስቆብኛል።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። በሱዳን በኩል ተሰድጄ ኮሎምበስ ከተማ ከገባሁ ሰባት ወር አልሞላኝም፤ ኒር ኢስት ሳይድ በሚባለው ሰፈር ከአክስቴ ጋር እኖር ነበር። የታሪክ አስተማሪያችን ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማያውቁ ሴትዮ ነበሩ። ስለ እንግሊዝ የጥንት ነገሥታትና ስለ ዮርክ ግንብ ክፍሉ ፊት ቆሜ እንዳስረዳ አዘዙኝ። ካልተሳካልኝ ቋንቋ ላልቻሉት ወደተለየው ክፍል ሊያወርዱኝ ነው፤ ያ ደግሞ ከእኩዮቼ አንድ ዓመት ወደኋላ መቅረት ነበር። በረዶውን እየረገጥኩ ቤተ መጻሕፍት ተመላለስኩ። አክስቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ከኪሴ እየቆረስኩ የነገሥታቱን የትውልድ ሐረግ በትልቅ ወረቀት ላይ ሳልኩ። እውነቱን ለመናገር ኮርቼበት ነበር።

ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ ስለጥፈው ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መጽሐፉ ሁሉንም በዘራቸው የጋራ ስም ፕላንታጀኔት ይላቸዋል። በእኛ ዘንድ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ነውና፣ እኔ ሄንሪዎቹንም፣ ሪቻርዶቹንም፣ ኤድዋርዶቹንም የአንድ የአቶ ፕላንታጀኔት ልጆች አድርጌ ደርድሬያቸዋለሁ።

«ሰውየው ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ሲወልድ ኖረ!» አለ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ።

«ሚስተር ደምሴ፣ ተቀመጥ» አሉ አስተማሪዋ።

አልተቀመጥኩም። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፦

«ደምሴ አባቴ ነው» አልኩ። «ሐረር ተቀብሯል። በየቀኑ ስም ሲጠሩ አቤት የምለው በሞተ ሰው ስም ነው። እኔ ሙሉጌታ ነኝ። ነገሥታቱን ተሳስቻለሁ፣ አርማለሁ። እርስዎም የእኔን ስም ያርሙ።»

ሳላስፈቅድ ወደ ግንቡ አለፍኩ። ስለ ግንብ አስተማሪ አያስፈልገኝም ነበር፤ ያደግሁት የሐረር ግንብ ጥግ ነው። ድንጋዩ ከሰዓት በኋላ ጀርባ ሲያስደግፉት እንዴት እንደሚሞቅ፣ በር ላይ ገበያተኛው እንዴት እንደሚጋፋ አውቃለሁ። የእንግሊዝ ነገሥታት የዮርክ ሰዎች በበሮቻቸው ከሚገባው ዕቃ ላይ ለግንቡ ማሠሪያ ቀረጥ እንዲቀበሉ ሲፈቅዱላቸው ምን ማለት እንደሆነ አስረዳሁ። ማንም አልሳቀም።

አስተማሪዋ ሐረጉን ሰኞ አርሜ እንዳመጣ አዘዙኝ። አረምኩ፤ ግን በእልህ በእያንዳንዱ ንጉሥ ስም ሥር የአባቱን ስም በቀይ ጻፍኩ። ወረቀቱን ብዙ አዩት።

«ከመጽሐፉ ይልቅ ይኼ ይገባል» አሉ።

ከክፍላቸው አላስወጡኝም። በማግስቱ ስም ሲጠሩ «ሙሉጌታ» አሉ። አቤት አልኩ።

የሳራ አባት፣ ልጄ ዳዊት ሲወለድ ቅጽ የምትሞላው ሴት «ላስት ኔሙ ደምሴ ነው አይደል?» ብትለኝ፣ «አይደለም፣ ሙሉጌታ ነው» ያልኳት በዚያው እልህ ነው። ከዚያ ወዲህ ላስት ኔማችን ስለማይገጥም በየኤርፖርቱ ዝምድናችንን ይጠይቁናል። ይጠይቁ!

ይኼን ሁሉ ለሳራ ነገርኳት።

«ሶ፣ ልጁን ምን ልበለው?»

«ምንም አትበይው። ስምሽን ከነአባቶችሽ ግንቡ ላይ ጻፊ» ብዬ ቀዩን ማርከር ሰጠኋት።

ከከተማዋ ዋና በር በላይ ጻፈች፦ ሳራ ዳዊት ሙሉጌታ ደምሴ። በሩ አልበቃትምና ፊደሎቹ ግንቡ ላይ ወጡ። አባቴ ኮሎምበስን አላያትም። ሰኞ ግን በስሙ የሳራ ክፍል ፊት ይቆማል፤ ማንም ተቀመጥ አይለውም።