የትንሿ ትራክተር ጉሮሮ

ገና የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ላንቴ ውስጥ፣ ከሙዝ ማሳችን ጥግ ባለችው ቤታችን፣ ተረት የምንሰማው ከጎረቤታችን ከጋሽ ታደሰ ነበር። ጋሽ ታደሰ የወሎ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የእርሻ መኪና ሲጠግኑ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ እዚሁ ላንቴ ቀሩ። ተረታቸው ሳይቀር ዘይት ዘይት ይሸታል፤ አያ ጅቦ እንኳ በእሳቸው አፍ መንገድ ላይ ናፍጣ ያልቅበታል። ሲመሻሽ ለወባ ትንኝ ጭስ እናጨሳለን፣ ፍሙ ላይ በቆሎ እንጠብሳለን፣ እሳቸው ፋኖሱን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው «ተረት ተረት» ይላሉ፤ እኛም «የላም በረት» ብለን እንጮሃለን። ያኔ ከዚያ የሚበልጥ ደስታ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አባቴ ከወንድሞቹ ጋር ተጋርቶ የገዛት ትንሽ ትራክተር ነበረችን። የሚነዳት ታላቅ ወንድሜ ማርቆስ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቦዩ ውሃ እየቀዳሁ የማጥባት ደግሞ እኔ። ትራክተር ጸሎት ቤት ባትሄድም፣ በእኛ ቤት ሳይታጠብ እሁድን የሚውል ነገር አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ውስጧንም አጸዳላት ብዬ፣ ማረሻውን የሚያነሳውን የሃይድሮሊኩን ዘይት መሙያ ክዳን ፈታሁት። ክዳኑ ከእጄ አምልጦ ቦዩ ውስጥ ገባ፤ ውሃው ይዞት ሄደ። በእኛ ሰፈር የጀሪካን ክዳን ሲጠፋ የሚወተፈው በደረቅ የሙዝ ቅጠል ነው፤ እኔም ጠቅልዬ ወተፍኩት፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሰኞ ጠዋት ሳየው ውታፉ ወደ ውስጥ ገብቷል። ማርቆስ ክዳኑ መንገድ ላይ የወደቀ መስሎት ሌላ ገዝቶ ገጠመ።

ሁለት ቀን አልቆየም፣ ማረሻው አልነሳ አለ። ማርቆስ ማንሻውን ሲስብ ማረሻው ትንሽ ከፍ ይልና እየተንቀጠቀጠ ይቆማል፤ በኋላማ ጭራሽ እምቢ አለ። ማርቆስ አንዳንዴ ማረሻው ላይ የሙዝ ዘለላ ይጭን ስለነበር አባቴ ሌላ ምክንያት አልፈለገም። ቁልፉን ተቀብሎት፣ ከእንግዲህ እንዳይነካት፣ ሌላ ሹፌር እንደሚቀጥር ነገረው። ማርቆስ ከዚያች ትራክተር ሌላ የሚወደው ሥራ አልነበረውም። አንገቱን ደፍቶ መቆፈሪያ ይዞ ሲሄድ እያየሁ የቅጠሉን ነገር ደበቅሁ።

በማግስቱ ጋሽ ታደሰ ተጠሩ። እሳቸው ቀላሉን ሳይጨርሱ ከባዱን አይነኩም። መጀመሪያ ማረሻውን አስወልቀው ባዶዋን ሞከሩ፤ ያው ናት፤ የጭነት ነገር አይደለም አሉ። የዘይቱን ልክ አዩ፤ ሙሉ ነው። ረጅም ካቻቢቴ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ላይ አስደግፈው፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ፤ እያቃሰተች ነው፣ ዘይት ሞልቶላት እሷ ተጠምታለች አሉ። ከዚያ ሁላችንንም ምሳ ብሉ ብለው አባረሩን። ስንመለስ ማረሻው ቦታው ገብቷል፣ እሳቸው እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል፤ የቀረውን ሲመሽ እናየዋለን አሉ።

ሲመሽም ያዩት ተረት ነበር። ገረሴ ውስጥ አንድ ትልቅ በሬ ነበር አሉ፤ ጉልበቱ ደህና፣ ሳሩ ሙሉ፣ ግን ከተኛበት አልነሳ አለ። ጌታው እረኛውን ጠረጠረና አባረረው። በሬው ጉሮሮ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እዚያው ቤት ቁጭ ብሎ እራቱን ይበላል። ይህን ብለው በቆሏቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። ወደ ማንም አላዩም። እኔ ግን የያዝኩትን በቆሎ ፍሙ አጠገብ መልሼ አስቀመጥኩት።

«የሙዝ ቅጠል ነው» አልኩ። «የወተፍኩት እኔ ነኝ። ማርቆስ ምንም አላጠፋም።»

አባቴ ብድግ አለ፤ አለቀልኝ አልኩ። ጋሽ ታደሰ ግን ቁልፉን ለማርቆስ እንዲሰጠው፣ ማርቆስም ሄዶ እንዲያስነሳት በእርጋታ አዘዙ። ማርቆስ ማንሻውን ሲስብ ማረሻው ያለ ምንም መንቀጥቀጥ ቀጥ ብሎ ተነሳ። አባቴ አንዴ ማረሻውን አንዴ ጋሽ ታደሰን ያያል። እሳቸው ከኮታቸው ኪስ ጨርቅ አውጥተው ፈቱ፤ ዘይት የጠጣ የሙዝ ቅጠል ቁርጥራጭ ነበር፤ ከዘይቱ ወንፊት ላይ በምሳ ሰዓት የለቀሙት።

«ትራክተሯማ ቀን ድናለች» አሉኝ። «ለማታ የቀረሽኝ በሽተኛ አንቺ ነሽ።»

መጀመሪያ የሳቀው አባቴ ነው፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ማርቆስ ወደ ሹፌሩ ወንበር አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠኝ፤ እያለቀስኩም እየሳቅኩም፣ አባቴ ናፍጣ ጨረሳችሁ ብሎ እስኪቆጣን ድረስ ማረሻውን ከፍ ዝቅ አደረግነው።

ያን ጨርቅ ጋሽ ታደሰ ቀን ለአባቴ ቢያሳዩት ማርቆስ ያኔውኑ ቁልፉን ባገኘ፣ የማጥባት እኔ መሆኔን ሁሉም ስለሚያውቅ እኔም በተገረፍኩ ነበር። እሳቸው ግን እኔው ራሴ እስክናገር ኪሳቸው ውስጥ አዋሉት። ዛሬ የልጅ እናት ነኝ። ልጄ ያጠፋውን እያወቅሁ፣ ራሱ እስኪነግረኝ ልጠብቅ እላለሁ፤ ግማሽ ቀን ይቅርና ግማሽ ሰዓት መቻል አቅቶኛል።